አራጆቻችንን አስተምሩልን፦ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእርድ ትምህርትንና የሐላል ቁጥጥርን በአንድነት ስለማስኬድ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አመራሮች፣ ኡለማዎችና የሥራ ኃላፊዎች፤

ወሎ ውስጥ በደረሳነት (በሸሆች ዘንድ ተማሪ ሆኜ) ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ የቀራሁ፣ ዛሬ ሞጆ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኤክስፖርት ቄራ በእርድ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሑድ በሰፈራችን መድረሳ ልጆች አስቀራለሁ። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ በእኔና በአሠሪዬ መካከል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። እኛ ያረድነው ሥጋ ሐላልነቱ ተመስክሮለት በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ኤምሬቶችና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳል። እዚያ በማኅተሙ አምኖ ቢስሚላህ ብሎ የሚበላው ሰው አራጁን አያውቀውም። የሚያውቀው ማኅተሙን ነው፤ አደራውም ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አራጁ ተምሮ፣ ተፈትኖና ፈቃድ ይዞ ቢላ ይያዝ። የሐላል ተቆጣጣሪው ደግሞ ደመወዙን ከሚቆጣጠረው ድርጅት እጅ አይቀበል።

የእርድ ክፍልን ላላየ ሰው ሥራውን ልግለጽ። ፍየሎቹ ከበረቱ በጠባብ መተላለፊያ እየተነዱ ይመጣሉ። አራጁ ቂብላን (የሶላት አቅጣጫን) ተመልክቶ ቆሟል። ከጎኑ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ የያዘ ማጥለቂያ አለ፤ አንዱ ቢላ ውኃው ውስጥ ሲቆይ በሌላው ያርዳል፣ ከዚያ ያቀያይራቸዋል። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር፤ አንድ ጊዜ ይስባል፤ ደሙ ይንዠቀዠቃል፤ እንስሳው በኋላ እግሩ ተሰቅሎ በሰንሰለቱ ይሄዳል፤ ሌላው ይቀርባል። በፈረቃው መጀመሪያ ላይ ቃሉ ከልብ ይወጣል። ሰዓቱ ሲገፋ፣ ክንድ ሲዝልና ከፊት ያሉት ገፋፊዎች «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲሉ ምላስ ቃሉን መዋጥ ይጀምራል። ቢላውም በዚያው ልክ ይዶለዱማል። በዚህች ሰዓት ሰውየውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የአላህ ፍርሃትና ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ ካሜራም፣ ወረቀትም፣ ማኅተምም እዚያች ቅጽበት ውስጥ አይገቡም።

እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች በፈተና ተመዝኖ የገባ አራጅ አላየሁም። ሙስሊም መሆኑ ይጠየቃል፣ አርዶ እንደሚያውቅ ይጠየቃል፣ ሽርጥና ቦት ጫማ ይሰጠዋል፣ በማግስቱ ሰንሰለቱ ላይ ይቆማል። ቀሪውን ከቀደመው ሠራተኛ እያየ ይለምዳል። የቀደመው ጥሩ ከሆነ ጥሩ ይማራል፤ ካልሆነም ያንኑ ይማራል።

«እርድ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ማንኛውም ሙስሊም ማረድ ይችላል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለቤቱ ለሚያርድ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን ቄራው ውስጥ ከአንድ ሰንሰለት ፊት የሚቆሙት ሰዎች ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ሐረር፣ ባሌና ሶማሌ በሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ያደጉ ናቸው። ወሎ ሻፊዒይም ሐነፊይም አለው። ወደ ሱዳን ድንበር ስንጠጋ ማሊኪይ እናገኛለን። በሻፊዒይ መዝሀብ በእርድ ጊዜ ቢስሚላህ ማለት ሱና (የተወደደ እንጂ ግዴታ ያልሆነ) ነው፤ ሳይባል የታረደውም ይበላል፣ ሆን ብሎ መተው ግን የተጠላ ነው። በሐነፊይ ዘንድ አውቆ የተወው ሰው ያረደው አይበላም። ሻፊዒዮች የትንፋሽ ቱቦውና የምግብ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መቆረጣቸውን ግዴታ ሲያደርጉ ሁለቱን የአንገት ደም ሥሮች መቁረጥን ሱና ያደርጉታል። በሐነፊይ ከአራቱ ሦስቱ መቆረጣቸው ይበቃል። ማሊኪዮች የትንፋሽ ቱቦውንና ሁለቱን የደም ሥሮች ይጠይቃሉ። ሁሉም ማስረጃ አለው፤ ሁሉም የታላላቅ ሊቃውንት መንገድ ነው።

ገዢው ግን የሚገዛው በተጻፈ መስፈርት ነው። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የሐላል መመሪያ በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ ከመታረዱ በፊት ቢስሚላህ እንዲባል፣ የትንፋሽ ቱቦው፣ የምግብ ቧንቧውና የአንገቱ ዋና ዋና ደም ሥሮች ሁሉ እንዲቆረጡ ይጠይቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በእስልምና ሥርዓት ስለሚፈጸም እርድ ያወጡት የጋራ መስፈርትም አለ። ስለዚህ በመዝሀቡ ትክክል የሆነ አራጅ በመስፈርቱ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ከሌለ በምን ያውቃል? ልዩነቱን ከነክብሩ ጠብቆ፣ «ለዚህ ሥራ የሁሉንም ጥንቃቄ እንይዛለን» ብሎ አንድ የአሠራር ደንብ መጻፍ የሚችለው ኡለማዎችን ሁሉ ያሰባሰበው የእናንተ ምክር ቤት ነው። ቄራ ይህን መጻፍ አይችልም፤ ሚኒስቴርም አይችልም።

ሸዳድ ኢብን አውስ ካስተላለፉት፣ ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም አላህ በሁሉም ነገር ላይ በጎ ማድረግን እንደደነገገ ተናግረው፣ ስታርዱ እርዱን አሳምሩ፣ አንዳችሁ ቢላውን ይሳል፣ የሚያርደውንም ያሳርፍ ብለዋል። ደረሳ ሳለሁ ይህን ሐዲስ ስንቀራ «ያሳርፍ» የሚለውን ከስለቱ ጋር ብቻ አያይዘን ነበር የምንረዳው። ዛሬ በረቱ በር ላይ ስቆም ሰፍቶ ይታየኛል። ከቦረና የሚመጡ ፍየሎች ከያቤሎ ሞጆ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በጭነት መኪና ተጭነው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ ሲወርዱ እግራቸው አይጸናም፤ ቀንዳቸው የተሰበረ፣ ጎናቸው የተላጠ አለ። ውኃ ጠጥተው፣ ተኝተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ መቆየት አለባቸው። ጭነቱ ሲቸኩል ግን ይህ ዕረፍት ያጥራል።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚነግሩን ይህንኑ ነው። እንስሳ ሲጨነቅና ሲደክም በጡንቻው ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ያልቃል። ከታረደ በኋላ ሥጋው ውስጥ መፈጠር ያለበት አሲድ በበቂ መጠን አይፈጠርም፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። በኢትዮጵያ የበግና የፍየል ሥጋ ላይ፣ በተለይም በደጋው፣ ሲነሱ ከኖሩት ቅሬታዎች አንዱ መጥቆር ነው። ዝርያና ዕድሜም ድርሻ አላቸው፤ ድካሙ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። ከ1,400 ዓመት በፊት የተነገረውን ያልፈጸመ ሰው ዛሬ ዋጋውን በዶላር ይከፍላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሐዲሱን የሚያውቅ ሰው አለ፣ አሲዱን የሚለካ ሰው አለ። ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አላየሁም።

ዓለም በዚህ ንግድ ላይ ምን እንዳደረገ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም ለሌላው አንባቢ መናገር አለብኝ። ኤምሬቶች የሐላል ሰርተፍኬት የሚሰጠው አካል ራሱ ተመርምሮ ዕውቅና እንዲያገኝ ይጠይቃሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኗ ሥር የሐላል ማዕከል አቋቁማለች። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በምግብና መጠጥ ላይ የሐላል ማረጋገጫን በደረጃ ግዴታ ማድረግ ጀምራለች፤ አራጅነትንም የብቃት መመዘኛ ያለው ሙያ አድርጋዋለች። አውስትራሊያ የሙስሊም አገር አይደለችም፤ ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚያርዱ ሙስሊም አራጆች የሚመዘገቡበት ሥርዓት በመንግሥቷ ቁጥጥር ሥር አላት። ከዓለም ትልቋ የሐላል ዶሮ ላኪ ብራዚል ናት። ብራዚል ውስጥ ሙስሊሙ ጥቂት ስለሆነ አራጆቿ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አገር የሄዱ ስደተኞች ናቸው። እኛ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሙስሊም ወጣት፣ ሰሐቦች (የነቢያችን ባልደረቦች) ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ እስልምናን የምታውቅ አገር፣ ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የከብትና የፍየል ሀብት አለን። የጎደለን ነገር ቢኖር ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ መድረሳው ይገባል። ከዳና እስከ ጫሊ፣ ከጃማ ንጉሥ እስከ ባሌ፣ በየሸሁ ግቢ ዓመታት ተቀምጦ ፊቅሁን ከነሐሺያው (ከነማብራሪያው) የጨረሰ ደረሳ አለ። የአደንና የእርድ ምዕራፉን በቃሉ ይወጣዋል። ወደ ከተማ ሲወርድ ግን ኢጃዛውን (ሸሁ የሰጡትን የምስክር ወረቀት) የሚያነብለት መሥሪያ ቤት የለም። የቀጣሪ ፎርም ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ቦታ ባዶ ይቀራል። ከወሎ ልጆች ስንቱ በጅቡቲና በየመን በኩል ነፍሱን አስይዞ ባሕር እንዳቋረጠ፣ ስንቱ እንደቀረ እናንተም በየቤቱ ለቅሶ ደርሳችኋል። በሌላ በኩል ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ቄራዎች የሰለጠነ አራጅ ይፈልጋሉ። ኪታቡን የቀራው ሰንሰለቱን አላየም፤ ሰንሰለቱ ላይ የቆመው ኪታቡን አልቀራም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ከቄራዎቹ ደጃፍ። ምክር ቤቱ ከኮሌጁና ከሙያ ማሠልጠኛዎች ጋር ተነጋግሮ የጥቂት ወራት ሥልጠና ቢያዘጋጅ፣ ጠዋት ኡለማዎች የእርድን ሕግ ከነመዝሀብ ልዩነቱ ቢያስተምሩ፣ ከሰዓት ሐኪሞች ስለ በሽታ፣ ስለ እንስሳት አያያዝና ስለ ንጽሕና ቢያስተምሩ፣ መጨረሻ ላይ ተማሪው በሁለቱም ወገን ፊት አርዶ ቢፈተን፣ ወረቀቱ እንደማንኛውም ሙያ በብቃት ምዘና የሚታወቅ ይሆናል። ደረሳው ኢጃዛውን የሚያነብለት አገኘ ማለት ነው። ለመድረሳዎቻችን አስተዳደርም ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ሲያስመዘግቡ «ቀርቶ ምን ይሆናል?» ለሚሉኝ አባቶች የምሰጠው መልስ አገኛለሁ።

ሥልጠናው ሴቶችንም ይጨምር። የካዕብ ኢብን ማሊክ አገልጋይ የነበረችው ሴት ልትሞት የደረሰች በግ በስለታም ድንጋይ አርዳ ነቢያችን ብሉ ማለታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከአገራችን ልማድ ወጥተው ሴቶቻችን ሰንሰለት ላይ ይቁሙ ማለቴ አይደለም፤ መዝገብ የሚይዝ፣ ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ የሚቆጣጠር ሰው ሁሉ ሕጉን መማር አለበት፣ በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ብዙ እህቶች አሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ቀደም ሲል በሠራሁበት ቄራ አንድ ተቆጣጣሪ ባልደረባ ነበረን፤ ኪታብ የጨረሰ፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ሌሊት ከመኪና ተጎትታ የወረደች ፍየል ሰንሰለቱ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ፈጦ፣ አካሏ አይንቀሳቀስም ነበር። «ስትታረድ ነፍስ እንደነበራት አላረጋገጥኩም» ብሎ አስወጣት። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የጸና ሕይወት ሳይኖራት የታረደች በክት ናት። የፈረቃው ኃላፊ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ደመወዝህን የሚከፍልህ ማን እንደሆነ ረሳኸው?» አለው። ፍየሏ ተጣለች። እሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ከእርድ ክፍሉ ተነሥቶ ወደ መጋዘን ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ተቆጣጣሪ ምን ያህል ፍየል እንዳስወጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሲያስወጣ አላየሁምና።

ያንን ኃላፊ ለመክሰስ አላነሳሁትም። እሱም ጭነት የሚጠበቅበት ሰው ነው። ጥፋቱ ያለው ተቆጣጣሪውን ከሚቆጣጠረው ድርጅት ኪስ እንዲበላ በሚያደርገው አሠራር ላይ ነው። ተቆጣጣሪው በእናንተ ይቀጠር፣ በእናንተ ይከፈል፣ ከቄራ ቄራ ይዘዋወር፣ አስወጥቶ ስለጣለው እንስሳ ማንም እንዳይነካው በጽሑፍ ዋስትና ይኑረው። ገንዘቡን ቄራዎቹ ለምክር ቤቱ ይክፈሉ፤ ከምክር ቤቱ ወደ ተቆጣጣሪው ይሂድ።

የሐላል አገልግሎት ገቢ ምን ያህል እንደሆነና የት እንደዋለ በየዓመቱ በኦዲተር ተረጋግጦ ለሕዝብ ቢታተም ደግሞ ምእመኑ ሁሉ ይተማመናል። ከዚህ ገቢ መድረሳዎች ይደገፉ የሚል ሐሳብ ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ልቤ ይወደዋል፤ ዑስታዞቻችን በምን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ቢሆንም እፈራለሁ። የመድረሳው በጀት በተመታው ማኅተም ብዛት የሚያድግ ከሆነ «ይህን ሥጋ አላሳልፍም» ማለት የልጆችን እንጀራ መንሳት ይመስላል፤ ያን ጊዜ እምቢ የሚል ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ለሥልጠናውና ለተቆጣጣሪዎቹ ይዋል። የተረፈው ለመድረሳ ሲሄድም ሰርተፍኬት የሚወስነው ክፍልና ገንዘብ የሚይዘው ክፍል አይገናኙ።

ስለ አገር ውስጡ ገበያ ባጭሩ። በየኮንዶሚኒየሙ የሚኖረው ሙስሊም ዛሬ ዶሮ በሕይወት ገዝቶ አራጅ መፈለግ ትቶ ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ዶሮ መግዛት ጀምሯል። ላስቲኩ ላይ «ሐላል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ማን እንዳረጋገጠው የማይገልጽም አለ። ዶሮ በሚሽከረከር ስለት በማሽን ሲታረድ አንድ ቢስሚላህ ለሁሉ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮች ኡለማዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል፤ ማሽኑ እኛ ጋ ሲበረክት ሕዝቡ ይጠይቃችኋል። መልሱን ከማሽኑ በፊት አዘጋጁት። «ሐላል» የሚለውን ቃል ማን በምን ፈቃድ እንደሚጽፈው የሚወስን ደንብ እንዲወጣም ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋገሩበት።

አብረውን ለሚሠሩ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የኤክስፖርት ቄራ ውስጥ የሚገፉት፣ የሚያጥቡት፣ የሚጭኑት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ቢላዬን ለዓመታት ሲስልልኝ የኖረው ክርስቲያን ባልደረባዬ ነው፤ ስለቱ ፀጉር ካልቆረጠ አይመልስልኝም። በዚህ አገር የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ፣ ሰዉ ሳይለያይ ኖሯል። የምጠይቀው ሥርዓት ማንንም ከሥራው አያፈናቅልም፤ ለእርዱ የሚቆመው ሰው ይወቅ ነው የምለው።

ምክር ቤታችሁ በ1968 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ከዚያም በፊት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ይህ ተቋም በሕግ የታወቀ እንዲሆን ይመኙ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ያ ሆኗል። በሕግ የታወቀ ተቋም መቅጠር፣ መመዘን፣ ፈቃድ መስጠትና መንሣት ይችላል። አሁን ያቃተን ነገር ያለ አይመስለኝም። የተጀመረ ሥራ ካለም ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ ደስ ብሎን እናግዛለን።

ለመጀመሪያ ያህል ይህን አድርጉልን። ከመጪው ዒድ አል-አድሐ በፊት በኤክስፖርት ቄራዎች ውስጥ የሚያርዱትን ሁሉ በስም መዝግቡ፤ የት እንደቀሩ፣ በየትኛው መዝሀብ እንዳደጉ፣ ለስንት ዓመት እንደሠሩ ይጻፍ። ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ክፍል የሚሞላ ሰው መርጣችሁ ቢሾፍቱ ላይ ሥልጠናውን ጀምሩ። ያላለፈ ሰው ከሥራ እንዳይባረር፣ ተምሮ ዳግመኛ እንዲፈተን ይደረግ፤ ብዙዎቹ የቤተሰብ ራስ ናቸው። ፈታኞቹን ስትመርጡ ጠንካሮቹን ምረጡ፤ በወገንና በዝምድና አይሁን። ስሜ በመጀመሪያው ዙር ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ከወዲሁ አመለክታለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

የእርድ ክፍል ሠራተኛና የመድረሳ አስቀሪ
ሞጆ

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ቢሾፍቱ
በወሎ፣ በሐረር፣ በባሌና በጅማ ለሚገኙ ሸሆችና የመድረሳ ኃላፊዎች